ለሠራተኞች ሕክምና ስንዋዋል በየትኛው መንገድ እንክፈል? የወጪ ተመን፣ የቁርጥ ዋጋና የሌሎች አማራጮች ንጽጽር

የሠራተኞቹን ሕክምና የሚሸፍን ድርጅት ውል በሚያድስበት ሰሞን ጠረጴዛው ላይ የሚከመረው ወረቀት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። አንዱ ሆስፒታል በመቶዎች የሚቆጠሩ አገልግሎቶችን ከነዋጋቸው ዘርዝሮ ይልካል። ሁለተኛው «ከመደበኛ ዋጋችን 15 በመቶ እንቀንሳለን» ይላል፤ መደበኛ ዋጋው ስንት እንደሆነ ግን አይገልጽም። ሦስተኛው ለወሊድ፣ ለትርፍ አንጀትና ለጥቂት ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች ቁርጥ ዋጋ ያቀርባል። አንድ የመድን ኩባንያ ደግሞ በሰው ይህን ያህል አረቦን ክፈሉኝና የቀረውን ለእኔ ተዉት ይላል። የሰው ኃይል ኃላፊውና የሒሳብ ክፍሉ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ርካሹን ለመለየት ይደክማሉ። ድካማቸው ከንቱ የሚሆነው አራቱ ወረቀቶች አራት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸጡ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነዚህ ሰዎች ነው። የትኛው ሆስፒታል እንደሚሻል አይናገርም። በየትኛው የክፍያ መንገድ ብንዋዋል ገንዘባችንም ሠራተኛችንም ሳይጎዱ ይወጣሉ የሚለውን ይመረምራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አከፋፈሉ ሲሳሳት ጉዳቱ በሒሳብ መዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ታማሚው ላይ ያርፋል።

## አስቀድሞ መመዘኛዎቹ

ዋነኛው መመዘኛ ሥጋቱን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ሕክምናው ከታሰበው በላይ ሲወሳሰብና ታካሚው ለሦስት ቀን ገብቶ አሥር ቀን ሲተኛ ተጨማሪውን ወጪ የሚከፍለው ሆስፒታሉ ነው፣ አሠሪው ነው ወይስ ሠራተኛው? በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ዕዳው ሠራተኛው ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው፣ ዋጋው ታካሚው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ይታወቃል ወይ? ካልታወቀ ሁለት ሆስፒታሎችን ማወዳደር አይቻልም። ማወዳደር በማይቻልበት ቦታ ደግሞ ሆስፒታሎች በዋጋ የሚወዳደሩበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው፣ አከፋፈሉ ሆስፒታሉን ወዴት ይገፋዋል? ምርመራ ወደ ማብዛት ወይስ ታካሚን ቶሎ ወደ ማሰናበት? ከሁለቱም ግፊት ነፃ የሆነ የክፍያ መንገድ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ስለዚህ የምንመርጠው ልንቆጣጠረው የምንችለውን ግፊት ነው።

የቀሩት ሁለቱ አጫጭር ናቸው። ውሉን ለመከታተል ምን ያህል ሰውና ዕውቀት ያስፈልጋል? በአካባቢያችንስ ስንት ብቁ ተቋም አለ? አዲስ አበባ ያለ ድርጅትና አንድ ሆስፒታል ብቻ ባለበት ከተማ የሚሠራ ድርጅት አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም።

## በየአገልግሎቱ መክፈል

በአገራችን የተለመደው ይህ ነው። ሠራተኛው ከድርጅቱ የሕክምና ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፣ ይታከማል፣ ሆስፒታሉ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ይልካል። ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ አልጋ፣ መድኃኒት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጠራል።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሕመሙ ገና ባልታወቀበት ጊዜ ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለማዘዝ አይሳቀቅም፤ ሆስፒታሉም አስቸጋሪ ታካሚን የሚሸሽበት ምክንያት የለውም። ጉዳቱም እዚያው አለ፤ ብዙ የሠራ ብዙ ስለሚከፈለው የምርመራው ቁጥር ያድጋል። አሠሪው ስለ ነጠላ ዋጋ ተከራክሮ ያተረፈውን በብዛቱ ይከፍለዋል። 15 በመቶ ቅናሽ አግኝቶ የታዘዘው ምርመራ በ30 በመቶ ቢጨምር አጠቃላይ ወጪው በአሥር በመቶ ገደማ ከፍ ይላል።

የዚህን መንገድ ሒሳብ ለማየት የሚሻለው ቦታ የቀዶ ሕክምና ደረሰኝ ነው። የአልጋው ዋጋ አለ፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ አለ፣ የቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ባለሙያው ክፍያ አለ። ከታች በኩል ደግሞ «ልዩ ልዩ የሕክምና ዕቃዎች» የምትል አንዲት መስመር ትኖራለች። ጓንት፣ መስፊያ ክር፣ ፋሻ፣ መርፌና ካቴተር በአንድ ድምር የሚገቡት በዚያች መስመር ነው፤ ድምሩም አንዳንዴ ከአልጋው ይበልጣል። በየአገልግሎቱ የምትከፍሉ ከሆነ በውሉ መጀመሪያ የሚከለከለው ይህ መስመር ነው። ዕቃው በስም፣ በብዛትና በነጠላ ዋጋ ካልተዘረዘረ ክፍያ እንደማይፈጸም በግልጽ ይጻፍ።

## ወጪ ሲደመር ትርፍ

ይህ መንገድ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ሆስፒታሉ አገልግሎቱን ለመስጠት ያወጣውን ያሳያል፣ የተስማማነውን ትርፍ እንጨምርለታለን። ደጋፊዎቹ «ማንም አይበዘበዝም፣ ሁሉም ግልጽ ነው» ይላሉ። ሐሳቡን በቅን ልብ የሚያቀርቡ ሰዎች ስላሉ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል።

ችግሩ የአንድ ሕክምና «ወጪ» የሚባለው ቁጥር ቋሚ አለመሆኑ ነው። አንድ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተከለ እንበል። ለምሳሌ ያህል የማሽኑ እርጅና (በአገልግሎት ብዛት ከዋጋው የሚቀንሰው)፣ ጥገናው፣ የባለሙያዎቹ ደመወዝና የክፍሉ ወጪ ተደምሮ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር ይሁን። በዓመት 3,000 ሰው ከተመረመረበት ለአንድ ሰው 2,000 ብር ይደርሳል። አሁን በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሆስፒታል ሁለተኛ ማሽን ተከለና ታካሚው ለሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያው ሆስፒታል 1,500 ሰው ይቀረዋል፣ የአንዱ ሰው ወጪም 4,000 ብር ይሆናል። ዋጋውን በወጪ ላይ መሥርተን ከተዋዋልን ተወዳዳሪ በመምጣቱ ዋጋችን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በሌላ ገበያ ቢሆን ሁለተኛው ነጋዴ ሲመጣ ዋጋ ይወርዳል።

የወጪ ተመንና የውድድር ግንኙነት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በወጪ ስንከፍል ለሥራ ፈቱ ማሽንና ለባዶው አልጋ ጭምር እንከፍላለን። ሆስፒታሎቹ የሚወዳደሩት አዲስ መሣሪያ በማስገባትና ሕንፃ በማሳመር ይሆናል፤ ወጪው ተመልሶ ከደንበኛው እንደሚገኝ ያውቃሉና። ቆጥቦ የሚሠራው ሆስፒታል ደግሞ ትርፉ ከወጪው በመቶኛ ስለሚሰላ ትንሽ በማውጣቱ ትንሽ ያተርፋል። ቤቱን «ያወጣኸውን ከነአሥር በመቶህ እከፍልሃለሁ» ብሎ የሚያሠራ ሰው ሲሚንቶ የሚቆጥብ ተቋራጭ እንደማያገኝ ሁሉ ነው።

አሜሪካ ይህን በሰፊው ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና የሆነው ሜዲኬር ሲቋቋም ለሆስፒታሎች የሚከፍለው «ምክንያታዊ ወጪ» በሚል መለኪያ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በላዩ ላይ 2 በመቶ ይጨመርበት ነበር። የሆስፒታል ወጪ በየዓመቱ እያሻቀበ ሄደ። በ1983 መንግሥት ያንን ትቶ ሕመሞችን በምድብ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ምድብ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ ወደ መክፈል ተሻገረ። አረጋውያን ሆስፒታል የሚተኙባቸው ቀናት በፍጥነት ቀነሱ። አንዳንዱ ታካሚ ሳያገግም ይሰናበታል የሚል አቤቱታም አብሮ መጣ፤ ይህን ከታች እንመለስበታለን።

ታዲያ ወጪን መጠየቅ ዋጋ የለውም ማለት ነው? በጭራሽ። ወጪን ማወቅና በወጪ መክፈል የተለያዩ ናቸው። የኩላሊት እጥበትን እንውሰድ። በአንድ ዙር የሚያልቀው ማጣሪያው፣ የደም መስመር ቱቦው፣ ፈሳሹ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪንና መርፌው ነው። ወደ አራት ሰዓት የሚፈጅ የነርስ ክትትል፣ የውኃ ማጣሪያው ሥራ፣ መብራቱና የማሽኑ እርጅና ይጨመርበታል። የሚያልቁት ዕቃዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ስለዚህ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዋጋቸው በምንዛሬው ልክ መውጣቱ የሚጠበቅ ነበር። የነርሷ ደመወዝና የክፍሉ ኪራይ ግን በዚያ ልክ አልወጡም። ይህን የሚያውቅ ተደራዳሪ «ዶላር በእጥፍ ጨምሯልና የአንድ ዙር ዋጋም በእጥፍ ይጨምር» የሚል ደብዳቤ ሲመጣለት ጭማሪው የሚመለከተው የትኛውን ክፍል እንደሆነ ለይቶ ይመልሳል። የወጪ ዝርዝር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለድርድር መሣሪያ ይሆናል፣ የክፍያ ቀመር ግን አይሁን።

አንድ እውነተኛ ልዩ ሁኔታ አለ። በከተማው ያለው ሆስፒታል አንድ ብቻ ከሆነ የሚወዳደረው የለም፤ የተጋነነ ዋጋ የሚገታውም ነገር የለም። እዚያ በተረጋገጠ ወጪ ላይ የተመሠረተ ተመን ከምንም ይሻላል፤ ወጪው ግን አስቀድሞ ተሰልቶ ለዓመት መጽናት አለበት፣ ከሕክምናው በኋላ የሚሰላ መሆን የለበትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የአሜሪካው ሜሪላንድ ግዛት ለዚህ አብነት ይሆናል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው ገለልተኛ ኮሚሽን ነው፤ ከፋዩ የግል መድንም ይሁን ግለሰብ ተመኑ አንድ ነው። ይሁንና ነጠላ ዋጋን መወሰን የሕክምናውን ብዛት ስላልገታ በ2014 ለእያንዳንዱ ሆስፒታል ዓመታዊ ጥቅል በጀት መመደብ ተጀመረ።

## ቁርጥ ዋጋ

ለአንድ ሙሉ ሕክምና፣ ከመግባት እስከ መውጣት፣ አንድ ዋጋ። ወሊድ፣ ትርፍ አንጀት፣ የዓይን ሞራ፣ ኸርኒያ፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቶንሲል፤ መጀመሪያና መጨረሻቸው የሚታወቅ ሕክምናዎች ለዚህ ይመቻሉ። ሦስት ሆስፒታል ፕሮፎርማ ጠይቃችሁ ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ቁጥሮቹም በእርግጥ ይነጻጸራሉ። ወጪውን የቀነሰ ሆስፒታል የቀነሰውን ለራሱ ስለሚያስቀር ቆጣቢነት ይጠቅመዋል። ለአዲስ አበባ ድርጅቶች የምመክረው ዋነኛ መንገድ ይህ ነው።

ነገር ግን ቁርጥ ዋጋ የሚጸናው በውስጡ ያለው በዝርዝር ሲጻፍ ነው። በቀዶ ሕክምና የሚደረግ ወሊድ 60,000 ብር ነው ተብሎ ቢቀርብ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው የደም ምርመራ ውስጡ አለ? ስንት ሌሊት ተካቷል፣ አራተኛው ሌሊት ቢያስፈልግስ በስንት ነው? የሕፃናት ሐኪሙ ሕፃኑን የሚያይበት ተለይቶ ይከፈላል? ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ቢገባ ሒሳቡ በማን ስም ነው? ደም ቢያስፈልግስ? ቁስሉ አመርቅዞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትመለስ እንደ አዲስ ካርድ ታወጣለች ወይስ በዚያው ዋጋ ትታከማለች? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ምክንያት የሚመለስ ታካሚን በነፃ ለማከም የሚስማማ ሆስፒታል ታካሚውን ሳያገግም ለማሰናበት አይቸኩልም። አሜሪካ ውስጥ የተነሣው የችኮላ ስንብት አቤቱታ በአንድ ድርጅት ውል ደረጃ መልስ የሚያገኘው በዚህ አንቀጽ ነው።

የጥራትን ነገር የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታሎቿ በዋጋ እየተደራደሩ እንዲወዳደሩ ስታደርግ ውድድሩ በበረታባቸው አካባቢዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞቱ ታካሚዎች መጠን ከፍ ብሎ እንደታየ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ከ2006 በኋላ ደግሞ ዋጋው በመንግሥት ተቆርጦ ታካሚው ሆስፒታል እንዲመርጥ ሲደረግ ውድድር ባለበት የሞት መጠኑ የበለጠ ቀነሰ። ከፋዩ የሚያየው ዋጋን ብቻ ሲሆን ሆስፒታሉ የሚቀንሰው የማይታየውን፣ ጥራቱን፣ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚወሰን ጨረታ ለወረቀትና ለቀለም ግዢ ቢሆን እንጂ ለሕክምና አይሁን። ከፕሮፎርማው ጋር የሚመለሱ ታካሚዎችን ብዛት፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥር አሠራሩንና ሌሊት ተረኛ ስፔሻሊስት መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

ከቁርጥ ዋጋ ጋር የሚዛመድ የጣሪያ ዋጋ የሚባልም አለ። ለአባላቱ ሕክምናም የሚከፍለው የካሊፎርኒያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ለዳሌና ለጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ 30,000 ዶላር ጣሪያ አበጀ። ከዚያ በፊት ለአንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የሚጠየቀው ከ15,000 እስከ 110,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ሠራተኛው ከጣሪያው በላይ የሚያስከፍል ሆስፒታል ከመረጠ ልዩነቱን ራሱ ይከፍላል። ውድ የነበሩት ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በፍጥነት አወረዱ። ለእኛም ይሠራል፤ ግን አስቀድሞ ለታቀደና ጊዜ ለሚሰጥ ሕክምና ብቻ። በአምቡላንስ የመጣ ሰው ዋጋ ሊያወዳድር አይችልም፣ እንዲያወዳድር መጠየቅም ጭካኔ ነው።

## ነፍስ ወከፍ

ለአንድ ሠራተኛ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ይከፈላል፤ ታመመም አልታመመም ክሊኒኩ ይይዘዋል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ለመላው ሕዝቧ ሽፋን ስታበጅ በነፍስ ወከፍ 1,202 ባት መድባ ጀምራለች፤ ሆስፒታሎቹም መከላከልን ሥራቸው እንዲያደርጉ ገፍቷቸዋል። በድርጅት ደረጃ ግን የሰው ብዛት ወሳኝ ነው። 40 ሠራተኛ ባለበት ሁለት ከባድ ሕመም የዓመቱን ሒሳብ ያናጋዋል፤ ክሊኒኩም ታካሚን መሸሽ ይጀምራል። በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ላለው ፋብሪካ፣ ለተመላላሽ ሕክምና ብቻ፣ በቅርብ ካለ ክሊኒክ ጋር ጥሩ አማራጭ ነው።

## የቡድን መድን

መድን ሥጋቱን ወደ ኩባንያው ያዛውራል፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ብቻ። ፖሊሲው ላይ የሚነበበው አረቦኑ ሳይሆን በሰው ያለው ዓመታዊ ጣሪያ፣ ለተመላላሽ ሕክምና የተከለለው ገንዘብና ቀድሞ የነበረ ሕመም መሸፈን አለመሸፈኑ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሠራተኞች ካሏችሁ የመጨረሻው ነጥብ ሌላውን ሁሉ ይሽራል።

በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ መዋጮ ላይ እንዲቆም የታሰበ ሲሆን ለዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል። ውላችሁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ይህ ሥራ ላይ ቢውል የሚሻሻልበትን አንቀጽ አስገቡ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ ደመወዝተኛ ላልሆነው ነው፤ ለእድርና ለሠራተኛ ቤተሰብ አባላት ማስታወስ ይጠቅማል።

## ጎን ለጎን ሲታዩ

| የክፍያ መንገድ | ተጨማሪ ወጪን የሚሸከመው | ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል? | የሚፈጥረው ግፊት | የቁጥጥር ሥራ |
|---|---|---|---|---|
| በየአገልግሎቱ | አሠሪው | ነጠላው አዎ፣ ድምሩ አይታወቅም | ምርመራን ማብዛት | ከባድ፣ በየወሩ |
| ወጪ ሲደመር ትርፍ | አሠሪው | አይታወቅም | ወጪን ማሳደግ | በጣም ከባድ፣ ኦዲት ይሻል |
| ቁርጥ ዋጋ | በአብዛኛው ሆስፒታሉ | አዎ | ቶሎ ማሰናበት | መካከለኛ፣ ውሉ ሲጻፍ ይበዛል |
| የጣሪያ ዋጋ | ውድ የመረጠ ሠራተኛ | አዎ | ዋጋን ማውረድ | ቀላል |
| ነፍስ ወከፍ | ክሊኒኩ | አዎ | አገልግሎትን ማሳነስ | መካከለኛ |
| የቡድን መድን | መድን ሰጪው፣ እስከ ጣሪያው | አረቦኑ አዎ | ሽፋንን ማጥበብ | ቀላል |

## ለማን የትኛው?

ከ50 ሰው በታች ያለው መሥሪያ ቤት። የሒሳብ ክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ የሆስፒታል ደረሰኝ የሚመረምር ባለሙያ የለውም። ለከባድ ሕመም የቡድን መድን ይግዛ፣ ለቀላሉ ሕክምና በሰው ዓመታዊ ገደብ አበጅቶ ሠራተኛው ያመጣውን ደረሰኝ ይተካ።

በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ። በየቀኑ ለሚያጋጥመው ሕክምና ነፍስ ወከፍ፣ ለታወቁት ቀዶ ሕክምናዎችና ለወሊድ ቁርጥ ዋጋ ከሁለት ሆስፒታሎች ጋር፣ ለቀረው በየአገልግሎቱ። ሦስቱን ማጣመር ሥራ አለው፤ ግን እያንዳንዱን ሕክምና በሚስማማው መንገድ ይገዛል። ሁለት ሆስፒታል መያዙን አትተዉ፤ አንዱ ዋጋ ሲጨምር ሠራተኛውን ወደ ሌላው መላክ የሚችል አሠሪ ብቻ ነው በድርድሩ ላይ የሚደመጠው።

አንድ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ያለ ድርጅት። አስቀድሞ በተሰላ ወጪ ላይ የቆመ ዓመታዊ ተመን፣ የወጪ ዝርዝሩን ከማየት መብት ጋር። ለታቀደ ቀዶ ሕክምና ሠራተኛውን ወደ ሌላ ከተማ ልኮ ከነትራንስፖርቱና ከነአበሉ ስንት እንደሚሆን ይሰላ። ያ ቁጥር ለአካባቢው ሆስፒታል ተወዳዳሪ ሆኖ ይቆማል።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ማኅበር ወይም ድርጅት። መጀመሪያ የመንግሥት ተቋማትን ይመልከት። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና በጤና ጣቢያ የሚደረግ ወሊድ በነፃ የሚሰጡ ናቸው፤ ለእነዚህ የግል ጥቅል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ያለው የግል ሕክምና ክንፍም ከመደበኛው ክፍል ውድ፣ ከግል ሆስፒታል ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነ መካከለኛ አማራጭ ስለሆነ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ አይረሳ።

ሦስት ተቋማት በተናጠል ያቀረቡት ዋጋ እስከ መጨረሻው ብር ድረስ አንድ ከሆነ ዝም አትበሉ። ተወዳዳሪዎች ዋጋን በስምምነት መወሰናቸው በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።

ውሉ ሲፈረም የመጨረሻው ክርክር የዋጋ ማስተካከያው አንቀጽ ነው። ሆስፒታሉ በዋጋ ንረቱ ምክንያት ለዓመት ልታሰር አልችልም ይላል፤ እውነቱን ነው። አሠሪው በየሦስት ወሩ ደብዳቤ ከሚቀበል ይልቅ ዋጋውን በሁለት ከፍሎ ይዋዋል። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ድርሻ በምንዛሬው ልክ በግማሽ ዓመት አንድ ጊዜ ይስተካከል፤ የባለሙያውና የአልጋው ድርሻ ለአሥራ ሁለት ወር ይጽና። የየድርሻው መቶኛ በፊርማው ዕለት በአባሪ ይያያዝ፤ ምንዛሬው ሲወርድም ዋጋው እንደሚወርድ በዚያው አንቀጽ ይጻፍ።